ባላየነው ቁስል ላይ የሚያርፍ ቃል



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሰው ስለ ተናገረው ከንቱ ቃል ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ እንደሚሰጥ በቅዱስ ወንጌሉ አስተምሮናል (ማቴ. 12፡36)። ይህን ትምህርት ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ስድብ፣ ሐሜትና የሐሰት ምስክርነት ነው። ጌታችን ግን በዚህ ቦታ የሚናገረው ስለ ከንቱ ቃል መሆኑን ልብ እንበል። ከንቱ ቃል ማለት ሳይታሰብበትና ሳይመዘን፣ በማንም ላይ ክፋት ሳይታቀድበት ከአንደበት የሚያመልጥ ቃል ነው። ተናጋሪው ወዲያው ይረሳዋል፤ ሰሚው ግን ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ስለዚህ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ከመጻሕፍት ስለ ተማርኩት ብቻ ሳይሆን በገዛ አንደበቴ በድዬ ስለ ተማርኩት ጭምር ነው።

፩. በማዕድ ላይ የተነገረ ቀልድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በማገለግልበት ቁምስና የእመቤታችን ዓመታዊ በዓል ተከብሮ፣ መሥዋዕተ ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ ምእመናን በአዳራሹ ተሰብስበው ማዕድ ቀረበ። የቁምስናው እናቶች ሌሊቱን ሲደክሙ አድረው ያዘጋጁት ምግብ ተትረፍርፎ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ደስታ ሆነ። እኔም እንደ ልማዴ በየገበታው እየዞርኩ፣ ከአንዱ ጋር እየተጫወትኩ፣ ሌላውን «ብሉ፣ ጠጡ» እያልኩ ሳስተናግድ በጥግ በኩል ካለው ገበታ ደረስኩ። በዚያም ከጥቂት ወራት ወዲህ ሲያስቀድስ የማየው፣ ነገር ግን ስሙን እንኳ ጠይቄው የማላውቅ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ስለ እርሱ የሰማሁት ለግንባታ ሥራ ወደ ከተማችን የመጣ አናጢ መሆኑን ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ይበላል። በመካከሉም ከድፎው አንድ ቁራሽ አነሣና በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ኮቱ ኪስ ከተተው።

እኔም በገበታው ዙሪያ ያሉትን ለማሳቅ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በል እንጂ! የሚቀማህ የለም። ከሰባ ሰባት ያመለጥክ እኮ ነው የምትመስለው!» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እርሱ ግን የያዘውን ጉርሻ ወደ ገበታው መለሰ፤ እጁን ጠረገ፤ ከዚያም ቀና ብሎ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «እውነትዎን ነው አባ፤ ያመለጥኩት ከዚያው ነው። እናቴና ሁለት እህቶቼ ግን አላመለጡም» አለኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና አስተናጋጆቹን አመስግኖ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያን አላየሁትም። ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድም እንዲሁ።

፪. «ሰባ ሰባት» ምን ነበር?

«ሰባ ሰባት» ለብዙዎቻችን የቀልድ ቃል ከሆነ ቆይቷል። ሰውነቱ የከሳውን፣ ቶሎ ቶሎ የሚበላውን፣ «ይጨመርልኝ» የሚለውን ልጅ ሁሉ በዚህ ስም እንጠራለን። ወጣቶቻችን ቃሉን ከታላላቆቻቸው አፍ ተቀብለው ይናገሩታል እንጂ ዘመኑን አላዩትም። ስለዚህ በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ማስታወስ ይገባናል።

በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይ፣ በኤርትራና በሌሎችም አካባቢዎች የጸናው ረሃብ ከዝናም መጥፋት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ለዓመታት የዘለቀው ጦርነትም ገበሬውን ከእርሻው፣ እህሉንም ከገበያው አራርቆት ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ በሰሜን ግን ሕዝቡ ቀዬውን እየለቀቀ ወደ አውራ ጎዳናው ይወርድ ነበር። በቆረም፣ በመቀሌና በባቲ መጠለያዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰበሰበ። ቆረም ደጋ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። በረሃብ የደከመ ሰው በአንዲት ቡቱቶ ተጠቅልሎ ሜዳ ላይ ሲያድር፣ ሲነጋ ከጎኑ የተኛውን ልጁን ወይም እናቱን ሞተው ያገኛቸው ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የብሪታንያ ቴሌቪዥን የቆረምን ንጋት ለዓለም ባሳየ ጊዜ፣ እርዳታ ሳይደርስላቸው ያለቁት ብዙዎች ነበሩ። የሟቾቹን ቁጥር በትክክል የቆጠረ የለም፤ ግምቱ ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል።

መከራውም በሞት ብቻ አላበቃም። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍሎች ተወስዶ እንዲሰፍር ተደረገ። ከእነዚህ መካከል ያለ ፈቃዳቸው ተጭነው የሄዱ፣ ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከወላጁ የተለያዩ ብዙዎች ነበሩ። ከዚያም በኋላ «ሰፋሪ» የሚለው መጠሪያ በአንዳንድ ሰው አንደበት ስድብ እየሆነ ተከተላቸው።

እንግዲህ ያን ጊዜ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። በታክሲ ከጎናችን፣ በሥራ ቦታ ፊት ለፊታችን፣ በቤተ ክርስቲያን ከኋላችን ይቀመጣል። ያለፈበት መከራ በግንባሩ ላይ ተጽፎ አይታይም። ያ ሰው የዳቦ ቁራሽ በኪሱ የከተተው ከስስት የተነሣ አልነበረም፤ የረሃብን ቀን ያየ ሰው ነገ እንጀራ እንደሚኖር ማመን ስለሚቸግረው ነው። እኔ ያየሁት እጁን ብቻ ነበር፤ እጁን ወደ ዳቦው የላከውን የልጅነት ፍርሃት አላየሁም።

፫. አጥንት የሌለው፣ አጥንት የሚሰብር

መጽሐፈ ሲራክ የጅራፍ ምት በሥጋ ላይ ሰንበር እንደሚያወጣ፣ የምላስ ምት ግን አጥንትን እንደሚሰብር ያስተምረናል (ሲራክ 28፡17)። የአገራችን ሽማግሌዎችም ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት እንደሚሰብር ይናገራሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም ምላስን ትልቅ ጫካ ከምታቃጥል ትንሽ እሳት ጋር ያመሳስለዋል (ያዕ. 3፡5-6)። እሳት የሚለኩስ ሰው ሁሉ ጫካውን ለማቃጠል አስቦ አይደለም። አንዱ ሲጋራውን አጥፍቶ የጣለ መስሎት ያልፋል፤ ሌላው ቡና ያፈላበትን ፍም ሳያዳፍን ይሄዳል። ጫካው ግን ደረቅ ከሆነ፣ ጣዩ አስቦ ጣለው ሳያስብ ጣለው፣ እሳቱ ያው እሳት ነው። መከራ ያደረቀው ልብም እንደዚሁ ነው።

አንዳንዶቻችን «እኔ በክፋት አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ኃጢአት የለብኝም» እንላለን። ይህ አስተሳሰብ በመጠኑ እውነት አለው፤ ኃጢአት የሚመዘነው በልብ ሐሳብ ጭምር ነውና። ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በቃል ስለሚፈጸሙ በደሎች ሲያስተምር፣ በጨዋታ መካከል ያለ ጥንቃቄ ሌላውን ክፉኛ የመታ ሰው «ስጫወት ነው» በማለቱ ብቻ ከበደል ነጻ እንደማይሆን፣ ያለ ጥንቃቄ ተናግሮ የሰውን ክብር የነካም እንዲሁ መሆኑን ያስረዳል። ያለ ጥንቃቄ መናገር ራሱ የፍቅር ጉድለት ነው። የምንወደውን ሰው ስናነጋግር ቃላችንን እንመርጣለን፤ ቃላችንን ሳንመርጥ የምናነጋግረው ብዙውን ጊዜ ከቁም ነገር ያልቆጠርነውን ሰው ነው።

፬. የካህኑ ዔሊና የሐና ታሪክ

ከዚያ በዓል በኋላ በነበሩት ቀናት በልቤ ይመላለስ የነበረው የሐና ታሪክ ነው (1 ሳሙ. 1፡9-18)። ሐና ልጅ በማጣቷ ምክንያት ለዓመታት ስትሰደብና ስታለቅስ የኖረች ሴት ነበረች። ወደ ሴሎ ወጥታ በእግዚአብሔር ቤት በመረረ ልብ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ በበሩ አጠገብ በወንበሩ ተቀምጦ ከንፈሯን ይመለከት ነበር። ያየው ከንፈሯን ብቻ ስለ ነበር የሰከረች መሰለው፤ ከወይን ጠጇ እንድትለይም ገሠጻት።

እስቲ ይህን ልብ እንበል። ዔሊ ይህን ሲናገር ሐናን ለመጉዳት አላሰበም፤ ይልቁንም የእግዚአብሔርን ቤት ክብር የጠበቀ መስሎታል። ነገር ግን ሐና በቤቷ ከጣውንቷ አፍ ስትሰማው ከኖረችው ስድብ ሸሽታ በመጣችበት በመቅደሱ ደጅ፣ ያውም ከካህኑ አፍ፣ ሌላ ቁስል ጨመረባት። ምእመናን ሆይ፣ ይህ በእኛ ዘንድ አይደርስምን? የዓለም ነቀፋ አድክሞት ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ከእኛ፣ ከአገልጋዮቹ፣ ተመሳሳይ ቃል ቢሰማ ከዚያ በኋላ ወዴት ይሂድ?

ስለ ዔሊ አንድ መልካም ነገር ደግሞ መናገር ተገቢ ነው። ሐና በትሕትና ኀዘኗን በገለጠችለት ጊዜ «እኔ ካህን ነኝ፤ አልተሳሳትኩም» ብሎ አልተከራከረም። ወዲያው ቃሉን ለውጦ በሰላም እንድትሄድ ባረካት፤ የእስራኤል አምላክ ልመናዋን እንዲሰጣትም ተመኘላት። በዚያው አንደበት አቆሰለ፤ በዚያው አንደበት ባረከ። የሐና ፊት ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አለማዘኑን ቅዱስ መጽሐፍ ይመሰክራል።

በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌልም ተመሳሳይ ነገር እናነባለን (ዮሐ. 9፡1-7)። ደቀ መዛሙርቱ ከመወለዱ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው አይተው፣ ዕውር የሆነው በራሱ ወይስ በወላጆቹ ኃጢአት እንደ ሆነ ጌታን ጠየቁት። ሰውየው ዐይኑ አያይም እንጂ ጆሮው ይሰማ ነበር። በእርሱ ፊት ስለ እርሱና ስለ ወላጆቹ ኃጢአት እንደ ትምህርት ጥያቄ ተነጋገሩ። ጌታችን ግን ጥያቄያቸውን ከሥሩ ውድቅ አደረገው፤ ከዚያም ስለ ሰውየው መነጋገሩን ትቶ ወደ እርሱ ቀረበ፤ በእጁም ዳሰሰው። እኛ ስለ ቁስለኛው እንናገራለን፤ ክርስቶስ ግን ቁስለኛውን ይዳስሳል።

፭. በየዕለቱ ከምንናገረው

ይህ ነገር በሰባ ሰባት ብቻ አይወሰንም። ጥቂት ምሳሌዎችን ላንሣ።

ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱ ወገኖቻችን ከ160,000 በላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም ከተለያዩ የዓረብ አገሮች የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። አንዲት እህት ተመልሳ ስትመጣ ጎረቤት የሚያቀርብላት የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ምን ይዘሽ መጣሽ? ስንት አጠራቀምሽ?» የሚል ነው። ደመወዟን ተከልክላ፣ በእስር ቤት ሰንብታ፣ በለበሰችው ልብስ ብቻ ተመልሳ ከሆነስ? ለማንም ልትናገረው የማትችለው በደል ደርሶባት ከሆነስ? ለእኛ የወግ ማሟሻ የሆነው ጥያቄ ለእርሷ እንደ ፍርድ ቤት ምርመራ ይሆንባታል።

ባልና ሚስት ሆነው በየእሑዱ ጎን ለጎን የሚያስቀድሱትን ደግሞ «ምን ትጠብቃላችሁ? የክርስትና ድግስ አምሮናል እኮ!» እንላቸዋለን። ሳይወለድ የሞተውን ልጃቸውን በልባቸው ቀብረው እንደሆነ አናውቅም። የሐና ዕንባ በዘመናችንም አልደረቀም።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የተካሄደው ጦርነት ያደረሰው ሐዘን ገና ትኩስ ነው። በሌሎች አካባቢዎችም በግጭት ምክንያት ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ብዙዎች በየቁምስናችን ተጠግተዋል። አንድ እንግዳ ሰው አፉን ሲከፍት አነጋገሩን ሰምተን «ኦ! የእነ እገሌ አገር ሰው ነህ?» ብለን በሳቅ የምንጨምራት አንዲት ቃል፣ ወንድሙን የቀበረበትን ወይም ሳይቀብር ጥሎት የመጣበትን ቀን ልትቀሰቅስበት ትችላለች። የጦርነት ወሬ ለአንዱ የቡና ማጣጫ፣ ለሌላው የለቅሶ ቤት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

፮. ታዲያ ዝም እንበል?

«እንዲህ ከሆነ መጫወት ሊቀር ነው? ሰውን ሰላም ማለትም ሊያስፈራን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ዝምታም ራሱ ሊያቆስል ይችላል። መከራ ያየውን ሰው ፈርተን ብንርቀው ብቸኝነቱን እናበዛበታለን። የኢዮብ ወዳጆች ከሁሉ የተሻለ ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ ነበር (ኢዮ. 2፡13)። ያ ዝምታ የመሸሽ ሳይሆን አብሮ የመቀመጥ ዝምታ ነበርና። አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ያወቁ መስለው መናገር በጀመሩ ጊዜ ግን ሸክም ጨመሩበት።

በአገራችን ወንጌልን የሰበከው አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 በዓድዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝቡ ሲናገር አፍ የልብ በር፣ ቃልም የልብ ቁልፍ መሆኑን ገልጾ ነበር። እርሱ በዚህ ቁልፍ የከፈተው በመጀመሪያ የራሱን ልብ ነው፤ የሕዝቡንም ልብ ያገኘው ስለዚህ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የራሳችንን በር ዘግተን የሌላውን በር እንገፋለን።

ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በኤማሁስ መንገድ ያደረገው የዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው (ሉቃ. 24፡13-35)። ሁለቱን መንገደኞች ሲቀርባቸው ኀዘናቸውን ያውቅ ነበር። ሆኖም አብሮአቸው ተራመደ፤ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ቆሙ፤ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ እርሱም ታሪካቸውን እስኪጨርሱ ሰማቸው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ሰምቶ ከተናገረ፣ ምንም የማናውቅ እኛ ሳንሰማ ለመናገር ስለ ምን እንቸኩላለን?

ከዚህ የምንማረው አጭር ሥርዓት ይህ ነው፦ የእንግዳውን ስም እንጠይቅ፤ ቁስሉን ግን እርሱ ራሱ በፈቀደ ጊዜ ይንገረን። ስሙን ካልጠየቅነው ቸል ብለነዋል፤ ቁስሉን ሳይፈቅድ ከነካካንበት ደግሞ አሳምመነዋል። ሰውን ለማሳቅ ብንፈልግ በራሳችን ሞኝነት እናስቅ፤ ለዚያ የሚሆን አይጠፋብንም። የሕዝብ መከራ የሆነውን ግን፣ ረሃብን፣ እስርን፣ ስደትን፣ ጦርነትን፣ የቀልድ ስም አናድርገው።

፯. የተሰበረውን መጠገን

ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ይሁንና ንስሓ አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በስምንተኛው ትእዛዝ ሥር፣ በፍትሕና በእውነት ላይ የተፈጸመ በደል ሁሉ፣ በዳዩ ይቅርታ ቢያገኝም እንኳ፣ የመካስ ግዴታ እንዳለበት ያስተምራል (ቁ. 2487)። ስለዚህ «በኑዛዜ ተናግሬዋለሁ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ወደ ተበደለው ሰው መሄድ ያስፈልጋል።

እኔም በሦስተኛው ሳምንት የአናጢውን መኖሪያ ጠይቄ ሄድኩ። የሚኖረው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ነበር። በአክብሮት ተቀብሎ ያለችውን አንዲት ወንበር ሰጠኝ። «ወንድሜ፣ በደልኩህ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። እርሱም «ምን በደል አለብዎ አባ፤ እርስዎ አላወቁም» አለኝ። «በደሌ አለማወቄ ነው» አልኩት፤ «ስንት ወር ከእጄ ስትቆርብ ስምህን እንኳ አልጠየቅሁህም።» ያን ጊዜ ስሙን ነገረኝ።

በሰው ፊት ስለ በደልኩት በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቀው እንደምፈልግ ብነግረው ግን አልተስማማም። «አባ፣ ታሪኬ በአደባባይ እንዲነገር አልሻም፤ ሰው ሁሉ በዐይኑ ይፈልገኛል» አለኝ። ከዚህም ሌላ ትምህርት አገኘሁ። ካሳችንም ቢሆን እኛ በሚቀለን ሳይሆን የተበደለው በፈቀደው መንገድ መሆን አለበት። ስለዚህ በዚያ ገበታ የሳቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አግኝቼ ያሳቅኋቸው በበደል መሆኑን ነገርኳቸው። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት እርሱ ፈቅዶልኝ፣ ስሙንም አገሩንም ሳልጠቅስ ነው።

ልሰናበተው ስነሣ ጥቂት አመንትቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ሰው ሁሉ ለሟቹ ተዝካር ያወጣል፤ ፍታት ያስፈታል። እኔ ግን እናቴ በየትኛው ቀን እንደ ሞተች አላውቅም፤ መቃብሯንም አላውቅም። ቀኑን የማያውቅ ሰው ቅዳሴ ማስቀደስ ይችላል?» ሲለኝ፣ ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት እንደ ኖረ ተረዳሁ። እግዚአብሔር ቀኑን እንደሚያውቅ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት በማለዳ ለእናቱና ለእህቶቹ መሥዋዕተ ቅዳሴ ቀረበ። የሦስቱም ስም ተጠራ። ከተገኙት ጥቂት ሰዎች መካከል በዚያ ቀን በገበታው ዙሪያ የሳቁት ነበሩ። ማንም ምንም አልጠየቀውም፤ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ተፈላ፤ አብረውት ተቀመጡ። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮም ወደ ቦታው ተመለሰ።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ያ ሰው ባይመለስ ኖሮስ? እኔ በአንዲት ቀልድ አንድን ነፍስ ከጌታ ማዕድ አርቄ፣ ምክንያቱንም ሳላውቅ «ዛሬ ዛሬ ሰው እየቀነሰ ነው» እያልኩ እኖር ነበር። በየቁምስናችን መጥተው ጥቂት ቆይተው የጠፉትን ሰዎች እናስብ። ከእነርሱ መካከል ቃላችን ያራቃቸው እንዳሉ ማን ያውቃል? በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከቅቤ ስንከለከል አንደበታችንንም አብረን እናጹም። ከቅዱስ ቁርባን በፊት በኑዛዜያችን «ምን ክፉ ተናገርኩ?» ብቻ ሳይሆን «ሳላስብ የተናገርኩት በማን ላይ አረፈ?» ብለን እንመርምር። የተቀጠቀጠውን ሸምበቆ የማይሰብረው ጌታ (ኢሳ. 42፡3) በእኛ አንደበት እንዲናገር እንፍቀድለት።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን እንደ ቀልድ ከሚነገሩት ቃላት መካከል የሰው መከራ የተሸከሙት የትኞቹ ናቸው? በምን እንተካቸው?

2. በቁምስናችን ባለፈው ዓመት ከመጡት አዲስ ሰዎች የስንቶቹን ስም እናውቃለን?

3. የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆችን «አባትህ ምን ይሠራል? እናትሽ የት አሉ?» ብለው በክፍል ፊት ሲጠይቁ ወላጅ ያጣ ልጅ ምን ይሰማዋል? ጥያቄው በምን መንገድ ቢቀርብ ይሻላል?

4. የካህኑን የዔሊን ስሕተትና እርማት አነጻጽሩ። ባለፈው ጊዜ በቃል ያሳዘንነው ሰው ካለ እንዴት እንቅረበው?

ጸሎት

አቤቱ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ከትንሣኤህ በኋላ የቁስልህን ምልክት ሳትሰውር ለወዳጆችህ ያሳየህ፣ በልባችን የተሰወረውንም ሁሉ የምታውቅ፣ ሳናውቅ በቃላችን ስላቆሰልናቸው ወንድሞችና እህቶች ይቅር በለን። ለአንደበታችን ጠባቂ፣ ለጆሮአችን ትዕግሥት ስጠን። መከራቸውን ለማንም ሳይናገሩ በመካከላችን የሚኖሩትን አጽናናቸው፤ ቀናቸውና መቃብራቸው ሳይታወቅ ያለፉትንም በመንግሥትህ አሳርፋቸው። በእናትህ በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ አሜን።